ያቺ ቢጫ መብራት አልጠፋ ስትል፦ ካታሊስት ከመግዛታችሁ በፊት

አዳማ ውስጥ የሚነዳ ሰው ያቺን ቢጫ የሞተር ምልክት በደንብ ያውቃታል። አንድ ጠዋት ትበራለች። ገራዥ ትሄዳላችሁ፣ ልጁ ኮምፒውተሩን ሰክቶ ሁለት ደቂቃ ይነካካና ያጠፋታል፣ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ከአራት ቀን በኋላ ፖስታ ቤት ጋ ባጃጅ ለማሳለፍ ቆማችሁ ዓይናችሁን ዝቅ ስታደርጉ እሷ እዚያው ናት።

እኔ በዚህ መንገድ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የምነዳው አሮጌ ኮሮላ ነው። የመጀመሪያው ገራዥ «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» አለኝ፣ ገዛሁ። ሁለተኛው «የኋላውም አብሮ መቀየር አለበት» አለ፣ እሱንም ገዛሁ። ሦስተኛው «ካታሊስቱ ሞቷል» ብሎ ዋጋውን ሲነግረኝ የምቀመጥበት ወንበር ፈለግኩ። በመጨረሻ የተገኘው ምን መሰላችሁ? የጭስ ማውጫው ሁለት ቱቦ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ የተበላች አንዲት ጓርኒሲዮን፣ መጋጠሚያውን የምታሽግ። ዋጋዋ ከሁለት ሰው ምሳ አይበልጥም ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ካታሊስት፣ ጭስ ማውጫው ላይ ተገጥሞ ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ፣ ብዙ ጊዜ ተጎጂ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። ስለዚህ ምርመራው ከርካሹ ወደ ውዱ ነው የሚሄደው፣ ገራዦቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውዱ ይጀምራሉ። በ2016 ዓ.ም. ቤንዚንና ናፍታ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለችውን አሮጌ መኪና ማቆየት የግድ ሆኗል። የምጽፈው ስለ ቤንዚን መኪና ነው፤ የናፍታው ነገር ለብቻው ሌላ ጉድ ነው።

መጀመሪያ መብራቷን ተመልከቱ

ዝም ብላ በርታ ከቆመች ጊዜ አላችሁ፣ አትደንግጡ። ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሲሊንደሮቹ አንዱ እየተኮሰ አይደለም፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ እየነደደ ነው፣ ውስጡም ሊቀልጥ ይችላል። እግራችሁን ከቤንዚን ላይ አንሡ፣ ዳር ያዙ። ወንጂ መንገድ ላይ ከሆናችሁ ደረቅ ሣር ላይ እንዳታቆሙ፤ የጋለ ካታሊስት ሣር ያቀጣጥላል።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ያለሱ የሚቀጥለው አይገባም። ቤንዚን ሞተር በልኩ የሚያቃጥለው 14.7 ኪሎ አየር ከ1 ኪሎ ቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ነው። ከካታሊስቱ በፊት ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እያየ ይህን ልክ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን ይጨምራል ይቀንሳል። ካታሊስቱ የንብ እንጀራ የመሰለ ነገር ነው፤ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም ተለብጦ መርዛማውን ጭስ ይለውጣል። ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ሁለተኛ ሴንሰር ደግሞ ዋና ሥራው ቁጥጥር ነው፦ «ካታሊስቱ ሠራ ወይስ አልሠራም?» እሱ ያልወደደው ነገር ሲኖር መብራቷ ትበራለች። ያልወደደው ነገር ግን የግድ የካታሊስት ጥፋት አይደለም።

ኮዱን አንብቡ፣ ግን እንዳታጠፉት

የራሳችሁን ማንበቢያ ግዙ። ኢኤልኤም 327 የሚባለው፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘው ትንሽዬ ዕቃ ለዚህ ሥራ ይበቃል። አይፎን ከሆነ የያዛችሁት ከመግዛታችሁ በፊት ከአይፎን ጋር እንደሚሠራ ጠይቁ፣ ሁሉም አይሠራም። የምትሰኩበት 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት ከመሪው በታች ጉልበታችሁ አካባቢ ነው። እንደ ዲኤክስ ያሉት የድሮ መኪኖች ይህ ሶኬት የላቸውም፤ አሜሪካ ውስጥ ግዴታ የሆነው ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ነው፣ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ላይ ደግሞ ሶኬቱ ኖሮም ከማንበቢያው ጋር የማይግባቡ ያጋጥማሉ።

ቁልፉን ክፈቱ፣ ኮዶቹን አንብቡ፣ የተያዙትንም «ፔንዲንግ» የሚላቸውን፣ ገና ያልተረጋገጡትንም። ከዚያ «ፍሪዝ ፍሬም» የሚለውን ክፈቱና ስክሪኑን ፎቶ አንሡ። መብራቷ በበራችበት ቅጽበት ሞተሩ ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር፣ ፍጥነቱ ስንት እንደነበር፣ ዙሩ ስንት እንደነበር እዚያ ተጽፏል። ገራዥ ውስጥ «ላጥፋልህ?» ሲሏችሁ የሚጠፋው ይህ ማስረጃ ነው። ባትሪ መንቀልም ያው ነው፤ ኮምፒውተሩ ስለ ቤንዚን አሰጣጡ የተማረውን ሁሉ ይረሳል።

አሁን ኮዱን እዩት። ፒ0300 እና ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ማለት ሲሊንደር አይተኩስም። ፒ0171 አየር በዝቷል ወይም ቤንዚን አንሷል፤ ፒ0172 ተቃራኒው። ፒ0135 እና ፒ0141 የፊትና የኋላ ሴንሰር ማሞቂያ ናቸው። ፒ0401 ኢጂአር፣ ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል ነው። ፒ0442 እና ፒ0455 የቤንዚን ትነት የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ሁሉም መኪና ይህን ክትትል ባያደርግም የእናንተ ካደረገች መጀመሪያ የቤንዚን ክዳኑን ጎማ እዩ። ታዋቂው ፒ0420 ደግሞ «የካታሊስቱ ብቃት ከወሰን በታች ነው» ይላል። ልብ በሉ፣ «ካታሊስት ቀይሩ» አላለም።

ብዙ ኮድ አብሮ ከመጣ ፒ0420ን መጨረሻ አድርጉት። የሲሊንደሩን፣ ቀጥሎ የአየርና ቤንዚኑን ጨርሱ፣ ብዙ ጊዜ እሱም አብሮ ይሄዳል።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፦ ፍሳሽ ፍለጋ

እኔን የበላኝ እዚህ ስለሆነ ነው እዚህ ጋ የማረዝመው። ጭስ ማውጫ ቀዳዳ ሲኖረው ጭስ ወደ ውጭ ብቻ ይወጣል ብለን እናስባለን። እንደዚያ አይደለም። ጭሱ የሚወጣው እየተገፋ እየቆመ፣ እየተገፋ እየቆመ ስለሆነ በመሃል በመሃሉ ቱቦው ከውጭ አየር ይስባል። ያ አየር ሴንሰሩ ጋ ሲደርስ ሴንሰሩ «ኦክስጅን በዛ» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ግን ኦክስጅኑ የመጣው ከሞተሩ ሳይሆን ከመንገዱ ነው። ቀዳዳው ከፊተኛው ሴንሰር በፊት ከሆነ ፒ0171 ሊመጣ ይችላል፣ ኮምፒውተሩም ያለ ጥፋቱ ቤንዚን ይጨምራል፣ ያ የተጨመረው ቤንዚን ደግሞ ካታሊስቱን ይገድላል። በሁለቱ ሴንሰሮች መሃል ከሆነ ፒ0420። ከኋለኛው ሴንሰር ርቆ ማርሚታው (ድምፅ ማፈኛው) ላይ ከሆነ ጩኸት እንጂ ኮድ አያመጣም።

የእኛ መኪኖች ሆዳቸው ያልተጫረ የለም። የኮብልስቶኑ ጉብታ አለ፣ ከልኩ በላይ የተሠራው የፍጥነት መቀነሻ አለ፣ አምስት ሰው ጭኖ ሶደሬ መውረድ አለ። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

መኪናዋ ሌሊቱን አድራ ጠዋት ሳትነሳ፣ ሜዳ ላይ አቁሟት። የተዘጋ ግቢ ወይም ጋራጅ ውስጥ በፍጹም አይሆንም፣ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው። ከሥር የምትገቡ ከሆነ ክሪክ ብቻውን አትመኑ፣ ጠንካራ መደገፊያ ይኑር፣ ጎማው ይታገድ። አንድ ሰው ያስነሳ። ወዲያው ጭሱ ከሞተሩ ከሚወጣበት ማኒፎልድ ጀምሮ እስከ ኋላ ሴንሰር ድረስ ጆሯችሁን ስጡ፤ «ቲክ ቲክ ቲክ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁና ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ብረቱ ሲሰፋ የዘጋው ስንጥቅ ነው። ረዳታችሁ ወፍራም እርጥብ ጨርቅ ይዞ የጭስ መውጫውን ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ያፍን። ግፊቱ ይጨምራል፣ ፍሳሹ ያፏጫል። በተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ የኦሞ ውኃ ርጩና አረፋ ፈልጉ። ይህ ሁሉ በሁለት ሦስት ደቂቃ ማለቅ አለበት፣ ከዚያ በኋላ ቱቦው እጅ ያቃጥላል። ድምፅ ባትሰሙም መጋጠሚያው ላይ እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ምልክት ካለ ተገኝቷል።

የድሮ ብየዳን በተለይ ጠርጥሩ። ከሥር ሲታይ አምሮ ከላይ በኩል ያልተበየደ አይቻለሁ፤ በያጁ እጁ የደረሰበትን ብቻ ነው የሠራው። ጓርኒሲዮኑን የሚቀይርላችሁ ሰው ሲሊኮን ልቀባ ካለ ደግሞ «ሴንሰር የማይጎዳ» የሚል የተጻፈበት ካልሆነ አይሆንም በሉት። የሲሊኮን ትነት ኦክስጅን ሴንሰር ያበላሻል።

ቴርሞስታት አለ ወይስ ተጥሏል?

ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውኃ የሚይዝ ትንሽ ቫልቭ ነው። ይህን ማንም አይጠይቅም፣ እኔ ግን በጣም ነው የምጠይቀው። አዳማ ሞቃት ነው፣ መኪና ይግላል፣ መካኒኩ «ይህ ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። ሞተሩ ከዚያ በኋላ አይግልም፣ እውነት ነው። ችግሩ አይሞቅምም። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ «ገና ጠዋት ነው» እያለ ቤንዚን ያበዛል፣ ፍጆታ ይጨምራል፣ ካንዴላው (እሳት የሚረጨው) ይጠቁራል፣ ካታሊስቱ ቀስ ብሎ ይሞታል። ፒ0128 ወይም ፒ0172 ካያችሁ መጀመሪያ እዚህ ኑ።

መፈተኛው ቀላል ነው። በስልካችሁ የኩላንቱን ሙቀት ከፍታችሁ ከፍራንኮ ተነሥታችሁ ከከተማ ውጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ መካከል ገብቶ መቆም አለበት። አስፋልቱ ላይ ፍጥነት ስትጨምሩ ወደ 60 የሚወርድ ከሆነ ቴርሞስታት የለም ወይም ተከፍቶ ቀርቷል።

አሁን የቀጥታ ቁጥሮቹን እንይ

ሞተሩ በደንብ ሞቆ። መጀመሪያ «ፊዩል ትሪም» የሚለውን፣ ሾርት ተርምና ሎንግ ተርም ሁለቱን ክፈቱ። ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ምን ያህል ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በመቶኛ ነው የሚያሳያችሁ። ሁለቱን ደምሩ። ከ10 በታች ከሆነ፣ በመደመርም በመቀነስም፣ ሰላም ነው።

መደመር 20 አካባቢ ከሆነ በሚኒሞ፣ ቤንዚን ሳትረግጡ፣ ጠብቁና ቁጥሩን ጻፉ፣ ከዚያ ዙሩን 2,500 ላይ ያዙና እንደገና ጻፉ። በሚኒሞ ከፍ ብሎ 2,500 ላይ ከወረደ አየር በማይገባበት እየገባ ነው፦ የደረቀ የቫኪዩም ላስቲክ፣ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ጓርኒሲዮን፣ ከአየር ፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለው የተሰነጠቀ ትልቅ ላስቲክ። በሚኒሞ ደህና ሆኖ መንገድ ላይ ሲጫን ከባሰ የቤንዚን ፊልትሮ ተደፍኗል፣ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይም የአየር መለኪያው ሴንሰር አቧራ ጠጥቷል። የአዳማ ነፋስ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖቹን ሲያዞር የሚያነሣውን ያንን ደቃቅ አቧራ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ላልቶ የተዘጋ የፊልትሮ ሳጥን ውስጥ እንዴትም ብሎ ይገባል። ያንን ሴንሰር ለእሱ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ እጠቡ። በጣት አትንኩ፣ በኮምፕሬሰር አትንፉ፣ ሽቦው እንደ ፀጉር ቀጭን ነው።

ቁጥሩ ወደ መቀነስ ከሄደ ቤንዚን በዝቷል፦ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ያ የተጣለው ቴርሞስታት። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ቀድታችሁ ከሆነና ችግሩ ከዚያን ቀን የጀመረ ከሆነ ደግሞ ምርመራውን አቁማችሁ መጀመሪያ ንጹሕ ቤንዚን አቃጥሉ፤ ነዳጅ ሲጠፋ የምንገዛው ነገር ምን እንደተደባለቀበት ሻጩም አያውቅ።

አንድ ነገር በመሃል። ማፕ ሴንሰር፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን የአየር ግፊት የሚለካው፣ ያላት መኪና ከሆነች ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ ቁጥሩን እዩ። አዳማ ላይ ከ82 እስከ 85 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው የሚሆነው። ዩቲዩብ ላይ ሰውየው 101 ሲል አይታችሁ «የእኔ ተበላሽቷል» እንዳትሉ፤ የእሱ ባሕር ዳርቻ ነው፣ እኛ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነን። እንዲህ እያሉ ደህና ሴንሰር የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ። 100 ካሳያችሁ ነው መጠርጠር ያለባችሁ።

ቀጥሎ ሴንሰሮቹ። የፊተኛው የድሮው ዓይነት ከሆነ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ቶሎ ቶሎ ይወጣል ይወርዳል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ግን የፊተኛው ሌላ ዓይነት ነው፣ አይወዛወዝም፣ ዝም ማለቱ ብልሽት አይደለም። የኋለኛው በሞቀ ሞተር 2,500 ዙር ላይ 0.6 ወይም 0.7 ቮልት አካባቢ ረጋ ብሎ መቆም አለበት። የኋለኛው እንደ ፊተኛው የሚጨፍር ከሆነ ኦክስጅን እያለፈ ነው፣ ወይ ካታሊስቱ ደክሟል ወይ መሃል ላይ ፍሳሽ አለ። ፍሳሹን ጠዋት ጨርሳችሁታል፣ ስለዚህ አሁን ጣታችሁን ወደ ካታሊስቱ መጠቆም ትችላላችሁ። እኔ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጬ ነው የከሰርኩት።

ኮዱ የማሞቂያ ከሆነ፣ ፒ0135 ወይም ፒ0141፣ ሴንሰር ከመግዛት በፊት ፊውዙን እዩ፣ ሽቦው ቱቦ ነክቶ እንዳልቀለጠ እዩ፣ ከዚያ ሶኬቱን ነቅላችሁ የማሞቂያውን ሁለት ፒኖች በቴስተር ለኩ። ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለት ሽቦዎች ናቸው። ምንም ካላነበበ ውስጡ ተቆርጧል፣ ቀይሩት።

ሲሊንደር የማይተኩስ ከሆነስ? ኮዱ ፒ0302 ከሆነ የሁለተኛውን ሲሊንደር ኮይል፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን፣ ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩና ንዱ። ኮዱ ፒ0303 ከሆነ ኮይሉ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ካንዴላውን በተመሳሳይ መንገድ፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩን። ምንም ሳይገዛ የሚሠራ ምርመራ ነው።

ካታሊስቱ ራሱ

መጀመሪያ መኖሩን አረጋግጡ። አልቀለድኩም። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ወይም የሆነ ገራዥ ውስጡን አውልቆ ሸጦት ይሆናል፣ ከውጭ ቆርቆሮው እንዳለ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በመዳፋችሁ ወይም በላስቲክ መዶሻ መታ መታ አድርጉት። ከተንኳኳ የንብ እንጀራው ተሰባብሯል። እንደ ባዶ ጣሳ ከጮኸ ጠርጥሩ፣ የኋላ ሴንሰሩን አስፈትታችሁ በስልክ የሚሠራውን ቀጭን ካሜራ በቀዳዳው አስገቡና ወደ ፊት እዩ። ባዶ ከሆነ ምንም ሴንሰር ብትቀይሩ ፒ0420 ይመለሳል።

መኪናዋ ዳገት ላይ የምትታፈን፣ ዙር የማትጨምር ከሆነ ደግሞ ተደፍኖ ይሆናል። ይህን የፊተኛውን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ በማስገባት ማየት ይቻላል። በ2,500 ዙር ከ3 ፒኤስአይ በላይ ከሆነ መተላለፊያው ጠቧል።

ሞቶ ከተገኘም ገና አትግዙ። ለምን ሞተ? ዘይት የምትበላ መኪና፣ ኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ያላት፣ አዲሱንም ትገድለዋለች። ውኃ የምታጎድልም እንደዚያው። ሴንሰሩን ለማታለል መሃል ላይ ማራቂያ ብረት የሚገጥሙ አሉ፣ አምፖሏን የሚነቅሉም አይቻለሁ። አምፖሏን የነቀለው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲሊንደር መተኮስ ሲያቆም በምን ሊያውቅ ነው?

ከጠገናችሁ በኋላ

አሁን ኮዱን አጥፉት። ባታጠፉትም ጥፋቱ ካልተደገመ በሦስት ተከታታይ የተሟሉ የመንዳት ዙሮች መብራቷ ራሷ ትጠፋለች። ችግሩ ከተማ ውስጥ ብቻ ከነዳችሁ ኮምፒውተሩ የካታሊስቱን ፈተና ላይጨርስ ይችላል። ባጃጅ፣ ፍሬን፣ ባጃጅ፣ ፍሬን። ስለዚህ መብራቷ ጠፍታ ሳምንት ስትቆይ ተጠግኗል ማለት አይደለም፣ ፈተናው ገና አልተጀመረ ይሆናል።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። በጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር አስነሥቼ ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ እተዋለሁ። ከተማውን ቀስ ብዬ አልፌ የፍጥነት መንገዱ ላይ እወጣለሁ፣ ወደ ሞጆ 80 ላይ አድርጌ እግሬን ሳላወዛውዝ 15 ደቂቃ እነዳለሁ። መሃል ላይ ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይቼ እግሬን ከቤንዚን አነሣና ፍሬን ሳልነካ ወደ 40 አካባቢ እስክትወርድ እተዋታለሁ፣ እንደገና እጨምራለሁ። ሞጆ ወጥቼ ቡና ጠጥቼ በአሮጌው መንገድ እመለሳለሁ። ቤት ስደርስ ሞተሩን ሳላጠፋ ማንበቢያውን ሰክቼ «ሬዲነስ» የሚለውን፣ የትኛው ፈተና እንዳለቀ የሚያሳየውን ገጽ እከፍታለሁ። ካታሊስትና ኦክስጅን ሴንሰር ፊት ለፊት «ኮምፕሊት» ካለና በፔንዲንግ ውስጥ ምንም ከሌለ ሥራው አልቋል። «ኢንኮምፕሊት» ካለ ነገ ጠዋት አንድ ቡና ሞጆ።